ከአብዲ ጎን፦ በፒካፕ ጭሮ ደርሶ መልስ

ከድሬዳዋ ስንወጣ

ከድሬዳዋ የወጣነው ማለዳ፣ አስፋልቱ ገና ሳይግል ነው። ከፒካፗ ኋላ የመስኮት መስታወት ጭነናል። መድረሻችን ጭሮ ነው፤ እዚያ አንድ ባለሕንፃ መስኮቶቹን ገጥሞ ቤቱን ለማከራየት እየጠበቀን ነበር። ወዴት ነው ላለኝ ሰው ሁሉ የመለስኩት ይህንኑ ነው። ከሱቄ ያስነሳኝ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መስታወት ማድረስ የሾፌሬ የአብዲ ሥራ ስለሆነ እኔ አብሬው መሄድ አይጠበቅብኝም። የሄድኩት ጎኑ ተቀምጬ ሲነዳ ላየው ነው።

አብዲ የሚስቴ የሐናን ታናሽ ወንድም ነው። ፒካፗን የሚነዳት እሱ ነው፤ ቤተሰቡ የሚያድረውም ልጆቹ የሚማሩትም በእሷ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን መኪናዋ ደጋው ላይ ስትደርስ አቅም ማጣት ጀመረች። ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮቶ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ከዚያ ወዲያ ነዳጅ ቢረገጥላትም አትሰማም፤ የተጫነ አህያ እየቀደማት ዳገቱን ትንፏቀቃለች። ደጋግማ እንዲህ ስትሆን በጭነት መኪና ላይ አሳፍሬ አዲስ አበባ ድረስ ላክኋት። እዚያ አንድ ትልቅ ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክቶ መብራቱን አጠፋና "መኪናዋ ምንም የላትም፤ የአነዳድ ችግር ነው፤ ሾፌርዎን ይቆጣጠሩ" ብሎ መለሰልኝ። ብዙም ሳትቆይ እንደገና ቆመች። የጋራዡ ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ስለዚህ ቆረጥኩ። ጥፋቱ የመኪናዋ ከሆነ እሸጣታለሁ፤ የአብዲ ከሆነ ቁልፉን እቀበለዋለሁ። ይህንኑ ለሐናን ነገርኳት። ቁርስ ላይ ነበርን፤ ፈጢራውን እየቆረሰች ሰማችኝ።

"ቁልፉን ብትቀበለው ተቀበለው፤ ንብረቱ የአንተ ነው" አለችኝ። "ወንድሜን ግን ሰው ፊት እንዳታዋርድብኝ።"

ይህን የሚያነብ ሰው እንደ እኔ አሮጌ ፒካፑን ያስታምም ወይስ አዲስ ይግዛ እያለ የሚያወጣና የሚያወርድ ሊሆን ይችላል። ሱቄ ታይዋን ገበያ አጠገብ ስለሆነ ሻይ እየጠጣ ይህን የሚጠይቀኝ ነጋዴ በየቀኑ አይጠፋም። እኔም ሁለቱንም ቀምሻለሁ። አሮጌዋ ፒካፓችን መስኮቷ በፒንሳ ነበር የሚወርደው። ወንበሯ ጀርባ ይወጋል፤ በግንቦት ሙቀት ጋቢናዋ ውስጥ የገባ ሰው ላቡን እየጨመቀ ነው የሚወርደው። ስትበላሽ ግን የትም ብትቆም ሽቦና መዶሻ ያለው ሰው ያስነሳታል። አዲሷ፣ አሁን ያለችን፣ ባለሁለት ጋቢና ናት፤ ቀዝቃዛ አየር አላት፤ ድምፅዋ አይሰማም፤ ናፍጣ ትቆጥባለች። ስትታመም ግን የት እንዳመማት አትናገርም። እንዳኮረፈ ዘመድ መብራቷን አብርታ ዝም ትላለች። መካኒኮቹም ኮፈኗን ከፍተው ያዩና "ይህ የኮምፒውተር ነው" ብለው መልሰው ይዘጉታል። ዕቃዋም ቢሆን ከጅቡቲ ይመጣል ሲሉኝ ከዱባይ ይሆናል፣ ከዱባይ ሲሉኝ አልቋል ይሆናል። እውነቱን ለመናገር በዚህች መኪና ደክሞኝ ነበር።

ደንገጎ

የደንገጎ ዳገት ጭነት ለያዘ መኪና የታወቀ ፈተና ነው። ከድሬ ሙቀት ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ደጋው ይወጣል፤ በየመታጠፊያው ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩ ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው አይጠፋም። ድሬ ውስጥ ሾፌር የሆነ ሁሉ ከፍጥነቱ በፊት የሚያየው የሙቀቱን ጠቋሚ ነው፤ ጠቋሚው ዝቅ ባለ ቁጥር ልቡ ደስ ይለዋል። እኔም ዓይኔ ከእሱ አይነቀልም። ባለፈው ግንቦት የራዲያተሩ የውሃ ጎማ ፈንድቶ ሞተሯ ልትቃጠል ደርሳ ነበር። ሰፈራችን ያለው መካኒክ መህዲ ሠራልን፤ ከዚያ ወዲህ በሙቀት በኩል አሳስባን አታውቅም። ያን ዕለትም ዳገቱን ስንወጣ ጠቋሚው መሀል ድረስ ብቻ ነው የደረሰው።

"እንዴት ነው፣ እግሬን እያየህ ነው?" አለኝ አብዲ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

"መንገዱን ነው የማየው።"

"መንገዱ ፊት ለፊት ነው አቦ። አንተ ወደ ፔዳሉ ነው ያጎነበስከው።"

ለምን እንደመጣሁ አልነገርኩትም ነበር፤ ግን ማወቁ አልቀረም። አብዲ ቀጠን ያለ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፤ ሲነዳ ግን አይቀልድም። ኩርባው ሳይደርስ ማርሽ ይቀንሳል፤ ፍሬን ሲይዝ ሰውነቴ ወደፊት አይሄድም። ጉድጓድ ካለ ከሩቅ ያየዋል።

"መስታወት ስጭን ከኋላዬ ሕፃን ተኝቷል ብዬ ነው የምነዳው" አለኝ። "መስታወቱ ቢሰነጠቅ ያን ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህ ቢጫ መብራት ግን ወላሂ እኔም ምን እንደሆነ አላውቅም።"

አመንኩት ለማለት ይከብደኛል። በአነዳዱ ምንም አላገኘሁበትም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ጎኑ ተቀምጦ ማን በመጥፎ ይነዳል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ አንዴ ከገባ የሚያየውን ሁሉ ወደ ራሱ ይጎትታል።

ቁልቢና ጨለንቆ

ደንገጎ ላይ የሐረሩን መንገድ በግራ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከዚያ ወዲያ ሌላ አገር ነው። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ባሕር ዛፉ ይበዛል፤ ግራና ቀኝ ተራራው ላይ የጫት እርከን ተደርድሯል። ቁልቢ ስንደርስ አብዲ ጃኬቱን ደረበ፤ እኔ በሸሚዜ ስለነበርኩ መስኮቱን ዘጋሁ። መንገዱ ዳር ድንችና ቀይ ሽንኩርት በጆንያ አቁመው የሚሸጡ ሴቶች መኪና ባለፈ ቁጥር እጃቸውን ያነሳሉ። የጫት መኪኖች እንደ ልማዳቸው ክላክስ እየነፉ ይቀድሙናል፤ አብዲ ለሁሉም ዳር ይይዝላቸዋል። ፒካፗም እንደ ውሃ ትፈሳለች። በልቤ "ምነው አሁን ብትቆምና ቢለይልን" እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ መስታወቱ ትዝ ይለኝና አላህ ይጠብቀን እላለሁ።

ጨለንቆ ሾፌሮች የሚቆሙበት አንድ ቤት ገብተን እንቁላል በዳቦና ሻይ አዘዝን። አብዲን የማያውቀው የለም። አንዱ ወንበር ይስብለታል፤ ሌላው በኦሮምኛ ይቀልድበታል፤ እሱም በኦሮምኛ መልሶ በሶማሊኛ ይጨርስለታል። ዋጋው ካለፈው ጊዜ እጥፍ ሆኗል። ስናማርር ባለቤቷ "እናንተ መስታወቱን በስንት ነው የምትሸጡት?" ብላ አፋችንን አዘጋችን።

እዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ አብዲ እየተጠነቀቀልኝ እስከነዳ ድረስ ምንም ላይ እንደማንደርስ ታየኝ። ይቺ መኪና በትክክለኛ ሰው እጅ ምን እንደምትመስል በራሴ እግር ልሞክር አልኩ። በወጣትነቴ የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ ራሴን ከማንም ሾፌር አላሳንስም።

"ቁልፉን ስጠኝ" አልኩት ስንነሳ። "ከዚህ ወዲያ እኔ ልንዳ።"

ሰው በተሰበሰበበት ነው ያልኩት። ወደ መኪናው እስክንደርስ እንኳን አልታገስኩም። ጎናችን ከተቀመጡት ሾፌሮች አንዱ "አብዲ፣ መንጃ ፈቃድህን ተቀማህ እንዴ?" አለው፤ ቤቱ ሳቀ። አብዲም አብሮ ሳቀ።

"አዎ፣ ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ" አለና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ሳቁ ከሌሎቹ ቀድሞ አለቀ።

ካራሚሌ

በጣም ተጠንቅቄ ነዳሁ። ሞተሩን አላስጮህኩም፤ ማርሽ በጊዜው ቀየርኩ፤ ዳገት ላይ አላጣደፍኳትም። አብዲ በኔ ቦታ ተቀምጦ በመስኮት ይመለከታል። አልፎ አልፎ ዞር ብሎ መስታወቱን የሸፈነው ሸራ አለመነሳቱን ያያል እንጂ ወደ እግሬ አንድ ጊዜም አላየም። ጭጋግ ወርዷል፣ ቀዝቃዛው ነፋስ መኪናዋን ፊት ለፊት ይመታታል፤ የሙቀቱ ጠቋሚ ከታች ተነስቶ አያውቅም። ይህን እያየሁ ደስ አለኝ። "ማሻአላህ፣ ሞተሯ ቀዝቃዛ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ። አብዲ በአንገቱ ብቻ መለሰልኝ።

ካራሚሌን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ቢጫው መብራት በራ።

መጀመሪያ ያላየሁ መሰልኩ። ነዳጁን ጨመር ሳደርግ መኪናዋ አልሰማችኝም። ማርሽ ቀነስኩ፤ ያው ነው። ከኋላችን ሲኖትራክ ክላክሱን ይነፋል፤ ዳገቱ አላለቀም፤ መስታወቱን ተሸክመናል። ዳር አወጣኋትና ሞተሩን አጥፍቼ እንደገና አስነሳሁ። መብራቱ አልጠፋም። መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። እግሬ ላይ ያለው ጫማ የኔው ነበር፤ የምጠረጥረው ሌላ ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ አብዲን ማየት አፈርኩ። ንዴትም ነበረብኝ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን የወጣኝ ቃል "ሂርና ላይ ጋራዥ አለ?" የሚል ነው።

"አለ" አለኝ። "ቀስ ብለህ ውሰዳት።"

ሂርና

ሂርና እስክንደርስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሰላም ሊለን የሚችልበት ፍጥነት ነበር የሄድነው። ጋራዡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የቆርቆሮ አጥር ነው። ባለቤቱ ታምራት የሚባል፣ ቴክኒክ ኮሌጅ የተማረ፣ ወሬም የማያልቅበት ሰው ነው። ሰላም ሳይለን "አዲሷ! አዲሷን አመጣችሁልኝ?" ብሎ ኮፈኗን ያቅፋት ጀመር። አንዲት ትንሽ ዕቃ ከመሪው ሥር ሰካና ስልኩ ላይ ማንበብ ጀመረ። እንዲህ ያለች መሣሪያ በየከተማው መድረሷን አላወቅሁም ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ በጭነት መኪና መላኬ ቆጨኝ።

ታምራት ስልኩን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ እኛን አየ። ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የራዲያተሩን ጎማ በእጁ ዳሰሰ።

"ጋሼ፣ ከየት ነው የመጣችሁት?"

"ከድሬ።"

"ከድሬ መጥታ ነው እንግዲህ ብርድ የመታት" አለና ሳቀ።

እኔ ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም። እሱ ግን ሲያስረዳ ደስ ይለዋል። እነዚህ አዳዲስ ፒካፖች ማርሚታቸው ላይ የጭስ ማጣሪያ አላቸው አለን። ማጣሪያው ጥቀርሻ ሲሞላ መኪናዋ ራሷ ታቃጥለዋለች፤ ያን የምታደርገው ግን ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ብቻ ነው። ሞተሩ ካልሞቀ ጥቀርሻው እየተጠራቀመ ይዘጋና ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ብሎ አቅሟን ይይዝባታል። "የእናንተ ሞተር ግን ደጋው መንገድ ላይ ጨርሶ አይሞቅም" አለ። "ተርሞስታቷ የለችም፤ ወይም ተከፍታ ቀርታለች።"

ተርሞስታት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ የሞተሩ ውሃ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የምትዘጋ፣ ሲሞቅ የምትከፍት፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ዕቃ ናት። አብዲና እኔ ተያየን። ያን ቀን ፊት ለፊት የተያየነው ያኔ ነው። ሁለታችንም መህዲን ነበር ያሰብነው። ስልክ ደውዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"ወሪያ ጀማል! ደህና ገባችሁ?" አለ መህዲ።

"ገና ነን። መህዲ፣ ባለፈው ግንቦት የራዲያተሩን ጎማ ስትሠራ ተርሞስታቷን ነክተሃታል?"

"አውጥቻታለሁ እንጂ!" አለ በኩራት። "እዚህ ድሬ ነው አቦ። ተርሞስታት ለበረዶ አገር ነው። ለሁሉም አወጣለሁ። ሒሳብ ውስጥ እንኳን አላስገባሁብህም፤ ለመኪናዋ አዝኜላት ነው።"

እውነቱን ነው። ድሬ ውስጥ ይህ እንደ ስጦታ ይቆጠራል። ለአሮጌዋም አውጥቶላት ነበር፤ አንድ ቀን አላመማትም። ታምራትም አልፈረደበትም። "እኔም ወደ ሚኤሶ ለሚወርዱት አወጣላቸዋለሁ፤ ለአሮጌዎቹ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አዲስ አበባ መላኬን ስነግረውም "የአዲስ አበባዎቹ ከፋብሪካ የመጣ ዕቃ ወጥቷል ብለው እንዴት ይጠርጥሩ? እዚያ ይህን የሚያደርግ የለም" አለ።

የምትተካ ተርሞስታት ሂርና አልነበረችም፤ ጭሮም አትገኝም አለን። መፍትሔው ካርቶን ሆነ። የብስኩት ካርቶን ዘርግቶ ራዲያተሩን ግማሽ ድረስ ሸፈነልንና በሽቦ አሰረው። "ጠቋሚው መሀል ከደረሰ ሳታጠፉ ንዱ፤ ጥቀርሻውን ታቃጥላለች። ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት ግን ካርቶኑን አውጡ፤ አለበለዚያ ሌላ ነገር ታመጣላችሁ።" በመላው ምሥራቅ ኢትዮጵያ በሙቀቱ ከታወቀው ከተማ ተነስተን፣ ደጋ ላይ እንዳይበርዳት ብለን መኪና አለበስን። ቁልፉን ለአብዲ መለስኩለት፤ ተቀበለኝና መሪው ፊት ገባ።

ጭሮ

ከሂርና እስከ ጭሮ ባለው መንገድ ጠቋሚው ቀስ እያለ ወጣ። አንድ ቦታ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ እኔ ደንግጬ "ቁም!" ልል ስል አብዲ "ይኼ ነው እሱ ያለው" አለና መንዳቱን ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ጠፋ፤ መኪናዋ እንደ ወትሮዋ ዳገቱን ረግጣ ወጣች። ደስታዬን ለማን እንደምናገር አላወቅሁም። አብዲ ጎን ተቀምጬ ሰርግ ላይ ሰው እንደማያውቅ እንግዳ ሆንኩ።

መስታወቱን ስናወርድ አንድም አልተሰነጠቀም። ባለሕንፃው ስለዘገየን ሊቆጣ ወጥቶ ካርቶኑን ሲያይ ቁጣው ጠፋበት። "ይቺ ምን ሆና ነው የታሸገችው?" አለ። አብዲ "ወልዳ ነው" አለው። ለሰው ቀልዱ ተመልሷል፤ ለእኔ ግን አልተመለሰም። ያደርንበት አልጋ ቤት ንፁህ ነው፤ ውሃ ግን በባልዲ ነው የሚሰጡት። ራት ላይ ሥጋ አዝዤ ወደ እሱ ገፋሁለት። በላ፣ አመሰገነና ለመተኛት ሄደ። ነገ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ስንመለስ

በማግስቱም አልነገርኩትም። የሚያመች ቦታ ስጠብቅ ሂርና አለፈ፤ ካራሚሌ አለፈ። ጨለንቆ ስንደርስ ለሻይ እንቁም አልኩት፤ ያኔ ቁልፉን በጠየቅሁበት ቤት ሰው ፊት ቁልፉ በእጁ እንዳለ ቢታይልኝ ብዬ ነው። "አልጠማኝም" አለና አለፈው። ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ ከመታወቂያው ይልቅ ካርቶኑን ነበር የመረመረው። "ድሬ ነው የምትሄዱት? በካርቶን?" ብሎ ጓደኛውን ጠራው። እያሳቅናቸው አለፍን።

በመንገዱ ላይ ስለ መኪናዋ ብዙ አሰብኩ። ለመሸጥ ስወጣ የነበረኝ ምክንያት ሁሉ በአንዲት መዳፍ በማትሞላ ዕቃ ፈርሷል። አዲስ መኪና አትታመንም ስንል የኖርነው እኛው እንደ አሮጌዋ እያደረግናት ነበር። ያም ሆኖ አዲሷ ምንም የላትም አልልም። አሮጌዋ ስህተታችንን ትችለን ነበር፤ ይቺ አትችልም። ይህን አውቆ የሚገዛ ይግዛ፤ የለመደውን እጁን መሰብሰብ የማይችል ግን አሮጌውን ቢያስታምም ይሻለዋል።

ደንገጎ አፋፍ ላይ ቆመን ካርቶኑን ፈታነው። ከታች የድሬ ሙቀት ፊታችንን መታን። አብዲ ጃኬቱን አውልቆ ኋላ ወንበር ላይ ጣለ፤ ካርቶኑን አጥፎ እንዳይጠፋ ከወንበር ሥር አስገባው።

ድሬዳዋ

መህዲ ጋራዥ የደረስነው ድሬ ሁሉ በር ዘግቶ በሚያርፍበት የቀትር ሰዓት ነው። መህዲ ጥላ ሥር ምንጣፉን ዘርግቶ ጫት እየቃመ በርጫው ላይ ነበር፤ ለማንም መኪና በዚያ ሰዓት አይነሳም፤ ለእኛ ተነሳ። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ አውርዶ መሬት ላይ ገለበጠው። ተርሞስታት ብቻ ነበር። የሰፈሩ መኪና ሁሉ ተርሞስታት እዚያ ውስጥ ተከማችቷል።

"እነዚህን ሁሉ ለምን አስቀመጥካቸው?" አልኩት።

"የሰው ንብረት ነው፤ አማና ነው። አውጣልኝ ያለኝ የለም፣ ሽጥልኝም ያለኝ የለም" አለ፤ በጣቱ እየበተነም የኔን አወጣት። ሲሠራ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ "ለበጎ ብዬ ነበር፣ ጀማል" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ተቀይሜው አልነበረም፤ ይህንንም ነገርኩት። ለእሱ ለመናገር አልከበደኝም።

ፒካፗ ተሠርታ ስትነሳ ጠቋሚው ወጣና መሀል ላይ ቆመ። ሱቁ ድረስ ነዳንና አብዲ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጎ አቆማት። ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ቁልፉን ወደ እኔ ዘረጋው።

"ያዘው እንጂ" አልኩት። "መኪናዋ ያንተ ናት። ጥፋቱ ያንተ እንዳልሆነ አየን።"

"እኔማ ከመጀመሪያውም አውቀዋለሁ።"

"አብዲ..."

"ካራሚሌ ላይ አንተ ስትነዳ መብራቱ በራ" አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። "እዚያው አንድ ቃል ጠበቅሁ። ሂርና ላይ ጠበቅሁ። ጭሮ ሥጋ ስታዝዝልኝ አሁን ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ደንገጎም ጠበቅሁ። ለመህዲ ግን ወዲያው ነገርከው።"

"ይቅርታ" አልኩት። ይህን ያህል መንገድ ተሸክሜው የመጣሁት ቃል ነበር፤ ስለው ግን በጣም ቀለለ።

"ሰምቻለሁ። አልተጣላንም፤ እህቴ ቤት እንደ በፊቱ እመጣለሁ። ሥራው ግን ይቅር። ለሰፈራችን ሽንኩርት ነጋዴ እነዳለሁ፤ ከጭሮ ደውዬለት ነው።"

ያቺን መኪና አውቃታለሁ። በሯ በገመድ ነው የሚታሰረው፤ ቀዝቃዛ አየር የላትም፤ በሳምንት ሁለቴ ትቆማለች። "ያቺ ታደክምሃለች" አልኩት፤ እውነትም አዝኜለት ነው።

"ታደክመኛለች" አለኝ። "ባለቤቷ ግን ስትቆም መኪናዋን ነው የሚያየው።"

ቁልፉን መዳፌ ላይ አኑሮልኝ ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።

አሁን ፒካፗን ራሴ ነው የምነዳት። ከዚያ ወዲህ ቢጫው መብራት በርቶ አያውቅም፤ ሐረርም ሆነ ዋሂል ስሄድ አታስቸግረኝም። ታይዋን አጠገብ ያሉት ነጋዴዎች አዲሱን እንግዛ ወይስ አሮጌውን እናስታምም እያሉ ሲጠይቁኝ ስለ ተርሞስታት በዝርዝር አስረዳቸዋለሁ፤ እነሱም ወደ መህዲ እየሄዱ ከጣሳው ያስመልሳሉ። ወንድሜን ሰው ፊት እንዳታዋርድብኝ ያለችኝ ሐናን ግን መኪናዋ ዳነች ወይ ብላ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።